ፍልሰታ ሲፈታ ሶደሬ ወረድን

ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ ከታላቅ እህቴ ጋር ለፍል ውሃው ሶደሬ ወርደን አምስት ቀን ተቀምጠን መጣን፣ ከተመለስን ጀምሮ ያየኝ ሰው ሁሉ "እንዴት ነው፣ ተሻለሽ?" ስለሚለኝ እስቲ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ጣቶቼ እየታዘዙልኝ ነው አሁን፣ ሐምሌ ላይ ቢሆን ይቺን መስመር ሳልጨርስ ስልኩን አስቀምጠው ነበር።

እኔ ያለብኝ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ፣ ስድስት ዓመት ሆነኝ። እትዬ ደግሞ ጉልበቷን ነው፣ የሷ የእድሜ ነው፣ በአጥንቱና በአጥንቱ መሀል ያለው ልም አጥንት እያለቀ ሄዶ ነው። ቤት ውስጥ ለሁለታችንም "ቁርጥማት" ይሉታል ግን ሕመማችን አይገናኝም፣ እሷ ስትቆም ስትሄድ ነው የሚያማት፣ ቁጭ ስትል ቀለል ይላታል፣ እኔ ግን አርፌ ስነሳ ነው የሚብስብኝ። ጠዋት ጣቶቼ ተሳስረው ነው የማገኛቸው፣ እስኪፍታቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ እስከዛ የሹራቤን ቁልፍ ልጄ ናት የምትቆልፍልኝ። ይሄን ልዩነት ያወቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ "ብርድ ነው" እያሉ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ሲወጉኝ ሁለት ዓመት አለፈ፣ ጨጓራዬ ተላጠ፣ የመሀል ጣቴም ወደ ጎን የዞረው ያኔ ነው፣ እሱ ከእንግዲህ አይመለስም። ስለዚህ እባካችሁ ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚተሳሰር፣ ሁለቱም እጁ ላይ አንድ ላይ የሚያብጥ ሰው ካለ "ብርድ ነው" ተብሎ አይመለስ፣ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታ) ሐኪም ይየው፣ እሱ ካልተገኘ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይየው። እነዛ ሁለት ዓመታት ዛሬም ያንገበግቡኛል።

ጉዞው ቀላል ነው። ከቃሊቲ ተነስተን በፍጥነት መንገዱ አዳማ፣ ከዛ በአሰላ መንገድ እስከ አዋሽ መልካሳ፣ እዛ ጋ ታጥፎ ሶደሬ። ስንነሳ አዲስ አበባ ዶፍ ነበር፣ እትዬ ጉልበቷን በጋቢ ጠቅልላ ነው የተቀመጠችው። ሞጆን ስናልፍ ፀሐይ ወጣ፣ አዳማ ስንደርስ እኔ ሹራቤን አውልቄያለሁ፣ መልካሳ ላይ እሷ ጋቢዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሶደሬ ከአዲስ አበባ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፣ ገና ውሃው ጋ ሳንደርስ ሰውነታችን ሲላቀቅ ይታወቀን ነበር። ስንወርድ ረዳቱ "ማዘር ቀስ ይበሉ፣ እኔን ይያዙኝ" ብሎ ክንዱን ሰጣት፣ ተባረክ።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ደክሞን ተኛን። በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሴቶቹ ወደሚታጠቡበት ገባን። ውሃው መጀመሪያ ይለበልባል፣ እግር ገብቶ ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል፣ እንዲህ እንዲህ እያልን እስከ አንገታችን ገባን። አዋሽ ከጎን ድፍርስ ሆኖ ይጮሃል፣ ጦጣዎቹ ዛፉ ላይ ይሯሯጣሉ፣ ማንም ብዙ አያወራም። እትዬ ምርኩዟን ዳር ላይ አስደግፋ ትታው ነበር፣ ዞር ስል ውሃው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትሄዳለች። ያለ ምርኩዝ! ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ውሃ እስከ ወገብ ሲደርስ የሰውነትን ክብደት ግማሽ ያህሉን ይሸከማል፣ እስከ አንገት ሲሆን ከአስር ዘጠኙን፣ ጉልበቷ ለዓመታት የተሸከመውን ውሃው ተቀበላት። እኔም እጄን ውሃ ውስጥ እንዳለ አውራ ጣቴን ከሌባ ጣቴ፣ ከዛ ከመሀሉ፣ እንዲያ እያልኩ እስከ ትንሿ ጣቴ አነካካሁ። ትንሿ ጋ አልደርስ አለኝ። ቆይቼ ደገምኩ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን እጄን ጨበጥኩ፣ ጥፍሮቼ መዳፌን ነኩ፣ ከስንት ወር በኋላ እንደሆነ እንጃ። ለእትዬ እጄን ከውሃ አውጥቼ ሳሳያት ምንም አላለችም፣ ጭብጤን እንዳለ በሁለት እጇ ያዘችው።

ከኛ ቀጥሎ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ፣ ስናወራቸው ከአንገታቸው አይዞሩም፣ ሙሉ ሰውነታቸውን ነው የሚያዞሩት፣ ሲስቁ ደግሞ ጥርሳቸው ቡናማ ነው። ወንጂ ነው ያደግሁት አሉን፣ አባታቸው ሸንኮራ ቆራጭ ነበሩ። የወንጂን ነገር የስምጥ ሸለቆ ሰው ያውቀዋል፣ ለሌላው ልንገረው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. በሆላንዶቹ ኩባንያ በኤች ቪ ኤ ሥራ ሲጀምር ለሠራተኛው መንደር የተቆፈረው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ከመጠን በላይ ነበረበት፣ ከአስር ዓመት በላይ የጠጡት ሰዎች አጥንታቸው እየደደረ፣ ጀርባና አንገታቸው እየተገተረ፣ አንዳንዱም ጎብጦ ቀረ። የልጆቹ ጥርስ ደግሞ ገና ሲበቅል ይቀለማል። እኚህ እናት የአንገታቸውን ሕመም ለማቅለል ነው ከዓመት ዓመት ሶደሬ የሚመጡት። ይሄን የማነሳው ለምንድነው፣ በማግስቱ አንዷ ፍል ውሃውን በጀሪካን ስትሞላ አየኋት፣ "ከውስጥም ይፈውሳል፣ ጠዋት ጠዋት እጠጣዋለሁ" አለችኝ። የወንጂዋ እናት ቀድመውኝ "ልጄ፣ ታጠቢበት እንጂ አትጠጪው፣ እኔን እይኝ" አሏት። የስምጥ ሸለቆ ፍል ውሃ ፍሎራይዱ ብዙ ነው፣ ገላ ላይ ችግር የለውም፣ በየቀኑ ሲጠጣ ግን ልታድነው የመጣችውን አጥንት ራሱን ነው የሚጎዳው። ልጅቷ ጀሪካኑን ደፋችው።

ሦስተኛው ቀን ላይ እኔ አጠፋሁ። ደስ ስላለኝ አርባ ደቂቃ ቆየሁ፣ ስወጣ ዓይኔ ጨለመ፣ እትዬ ይዛኝ ዳር ላይ ተቀመጥኩ። ከዛ በኋላ አስራ አምስት ሃያ ደቂቃ ጠዋት፣ እንደዛው ማታ፣ ስንወጣ ብዙ የታሸገ ውሃ ጠጥተን ጋቢ ለብሰን መተኛት ሆነ ሥርዓታችን። እትዬ የደም ግፊት መድኃኒት ስለምትወስድ ከሷ ጋር የበለጠ ተጠነቀቅን፣ ሙቅ ውሃ ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። ደግሞ አራተኛው ቀን የግራ አንጓዬ አብጦ ሲያተኩስ ያን እጄን ውሃ ውስጥ አላስገባሁትም፣ ሐኪሜ የነገረችኝ ነው፣ ለተሳሰረ መገጣጠሚያ ሙቀት፣ አብጦ ለጋለ ደግሞ ቀዝቃዛ ነገር ነው የሚሻለው።

መድኃኒቴን ይዤ ነው የሄድኩት። እዛ ያገኘኋት አንዷ እንደኔው በሽታ ያለባት ሴት፣ እድሜዋ ገና ሠላሳ ቢሆናት ነው፣ "ውሃው ይበቃኛል" ብላ በሽታውን የሚገታውን መድኃኒት፣ ሜቶትሬክሴቷን፣ አቁማለች። በጣም አዘንኩ፣ እስኪመሽ ለመንኳት። ውሃው ያፍታታል፣ ሕመሙን ያስታግሳል፣ መገጣጠሚያውን የሚበላውን ነገር ግን አያቆመውም፣ ጣቴ የዞረው ያለ መድኃኒት በቆየሁበት ጊዜ ነው ብዬ እጄን አሳየኋት። ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ የኔ ቀን ሐሙስ ነው፣ በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል፣ ስለዚህ ካላንደሩ ላይ አክብቡት። አብሮት የሚሰጠው ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲዱም አይረሳ፣ የጉበትና የደም ምርመራውም በቀጠሮው ይደረግ። ልጅቷ ሐኪሟ ጋ እሄዳለሁ ብላ ቃል ገብታልኛለች፣ ስልኳን ይዣለሁ፣ ትናንትም ደውዬላት ነበር።

የጠዋቱ መተሳሰር ወደ ግማሽ ሰዓት ወርዶልኝ ነው የተመለስኩት፣ ጥቂት ቀን እንደዛ ቆየልኝ፣ ጳጉሜ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ቀስ እያለ ተመለሰ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ አዲስ አበባ ፍል ውሃ እንሄዳለን። እቴጌ ጣይቱም ከእንጦጦ ብርድ እየወረዱ እዚሁ ነበር የሚታጠቡት፣ በ1879 ዓ.ም. ቤት ያሠሩትና አዲስ አበባ ያሏትም እዚሁ ሰፈር ነው፣ ወረፋ ስንጠብቅ ይሄን ለእትዬ ሳወራላት "እኛ የመጀመሪያ አይደለንማ!" አለች። እጄ ለአንድ ቀን ሁለት ቀን ይፍታታልኛል፣ ባለፈው እሁድ ከስንት ጊዜ በኋላ የልጄን ፀጉር ሹሩባ ሠራሁላት፣ መሀል ላይ ሁለቴ አረፍኩ እንጂ ጨረስኩት።

ለጥር ደግሞ ሶደሬ እንደገና ልንወርድ ነው፣ እኔና እትዬ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት መቶ ብር ቆርቆሮ ውስጥ እናስቀምጣለን፣ ለሦስተኛ ሰው ቦታ ይዘናል፣ ያቺን መድኃኒቷን አቁማ የነበረችውን ልጅ ይዘናት እንሄዳለን።