ቀሪው የት አለ?

ባሕር ዳር ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። ከሥራ የተባረረ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ "ቅሬታህን በጽሑፍ አስገብተህ ነበር? ማህተም ያረፈበት ቀሪው፣ ማለትም በእጅህ የቀረው ቅጂ፣ የት አለ?" ብዬ ነው። ብዙውን ጊዜ መልሱ "በቃል ነው የነገርኳቸው፣ ጋሼ" ነው።

ሰሞኑን የመጣው ልጅ ቱሪስት ወደ ዘጌ ገዳማት በሚያመላልስ ጀልባ ላይ ረዳት ነበር። የላይፍ ጃኬቶቹ ማሰሪያ ተበጣጥሷል፣ ቁጥራቸውም ከተሳፋሪው ያንሳል ብሎ ለአለቃው ደጋግሞ ተናገረ። ከዚያ "ከሥራ ገበታው በመቅረቱ" የሚል የስንብት ደብዳቤ ተሰጠው። ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ያየ ሰው የልጁ ስጋት ቀልድ እንዳልሆነ ይገባዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እኮ አደጋ ሊያመጣ የሚችል ነገር ያየ ሠራተኛ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። አንቀጽ 26 ደግሞ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። በዚህ ሰበብ የተባረረ ሰው ወደ ሥራው እንዲመለስ ይወሰንለታል፤ መመለስ ካልፈለገ ካሳ ያገኛል። ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ከሆነ ካሳው አማካይ የቀን ደመወዙ በ180 ተባዝቶ ነው። ልብ በሉ፦ ልመለስ የሚለው ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፎበት፣ ይቀራል። ስንቱ ሰው "ሽማግሌ ልኬያለሁ" እያለ 3 ወሩን አስበልቷል! (የመንግሥት ሠራተኞች፣ የእናንተ ሕግ ሌላ ነው።)

ልጁ "የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ አለ አሉ" አለኝ። አለ፣ 699/2003። መኖሪያ እስከ ማዛወር፣ ማንነት እስከ መቀየር ይሄዳል። ግን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። የተበጠሰ ማሰሪያ እዚያ አይደርስም።

እኔ የምወደው ብዙ ሰው የማያውቀውን ነው። የሥራ ቦታዎችን የሚፈትሸው የመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ጥቆማው ከማን እንደመጣ መናገር አይችልም። የመጣው በጥቆማ መሆኑን እንኳ ለአሠሪው ፍንጭ መስጠት የለበትም። በወረቀት ደረጃ ቆንጆ ነው። ሦስት ሰው በሚሠራበት ጀልባ ላይ ግን ማን እንደተናገረ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

ልጁ ቀሪ የለውም። ቴሌግራሙን ሲከፍት ግን ለአለቃው የላካቸው የጃኬቶቹ ፎቶዎች ከነቀናቸው አሉ። ከፎቶዎቹ በታች የአለቃው መልስ፦ "አይቼዋለሁ፣ አርፈህ ሥራህን ሥራ።" ፕሪንት አስደርገን ከክሱ ጋር አያይዘነዋል።