«ይመለስባቸው ይሆን?»

ደም እያስታወከ የመጣ የጉበት ሕመምተኛ ደሙ ከቆመለት በኋላ ቤተሰቡ የሚያቀርብልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዶክተር፣ ይመለስበት ይሆን?» መልሱን ከላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ደምሮ ማግኘት እንደሚቻል ተምሬያለሁ፤ በድምሩ ብቻ መመለስ ካቆምሁ ግን ቆይቻለሁ።

ጉበት በጠባሳ ሲጠነክር ከአንጀትና ከጣፊያ ወደ እርሱ የሚመጣው ደም መተላለፊያ ስለሚያጣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሌላ መውጫ የሚፈልገው ደምም በምግብ ቧንቧ የታችኛው ክፍል ያሉትን ስስ የደም ሥሮች ይወጥራቸዋል። እነዚህ አንድ ጊዜ ፈንድተው ከደሙና የመከላከያ ሕክምና ካልተሰጠ፣ ከ10 ሕሙማን 6ቱ ያህል በ1 ወይም በ2 ዓመት ውስጥ እንደገና ይደማሉ። የመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ከሁሉም የከፉ ናቸው፤ እስከ 6ኛው ሳምንት ድረስም ስጋቱ ከፍ እንዳለ ይቆያል።

ከሁሉ የተሻለው ጠቋሚ ግፊቱ ራሱ ነው። በአንገት የደም ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ጉበት ተልኮ የሚለካው የግፊት ልዩነት በጤነኛ ሰው ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ 12 ሲደርስ ደም ሥሮቹ ሊፈነዱ ይችላሉ፤ በደሙበት የመጀመሪያ ቀን 20 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ ደግሞ ደሙ ለመቆም እንደሚያስቸግር፣ ቢቆምም ቶሎ እንደሚመለስ ይጠበቃል። በመድኃኒት ከ12 በታች ከወረደ ወይም ከነበረበት ቢያንስ 20 በመቶ ከቀነሰ ስጋቱ በእጅጉ ይቀላል። እኔ ግን ይህን ልኬታ የማውቀው ከመጽሐፍ ነው።

ስለዚህ ወደ ነጥብ ቆጠራ እንሄዳለን። ቻይልድ-ፒው የሚባለው መመዘኛ ቢሊሩቢንን (ሲበዛ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገውን ቀለም)፣ አልቡሚንን (ጉበት የሚሠራውን ፕሮቲን)፣ የደም መርጊያ ጊዜን፣ የሆድ ውኃንና የአእምሮ መደናገርን ደምሮ ሕመምተኛውን ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ይለዋል። የዛሬ መልኩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ በ2000 የወጣው ሜልድ የተባለው ሌላ መመዘኛ ደግሞ መጀመሪያ የተሠራው ግፊት ለመቀነስ በጉበታቸው ውስጥ ቱቦ የገባላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸውን ለመገመት ነበር። ሁለቱም ጉበቱ ምን ያህል እንደሚሠራ ይናገራሉ እንጂ ግፊቱን አይለኩም። በሲሮሲስ፣ ማለትም ጉበቱ በሙሉ በጠባሳ በሚጠነክርበት ሕመም፣ ሁለቱ ነገሮች ብዙውን ጊዜ አብረው ስለሚጓዙ ጉድለቱ እምብዛም አይጎላም።

ሒሳቡ የሚፈርሰው ትል በሚያመጣው በሽታ፣ በቢልሃርዚያ፣ ላይ ነው። ከጣና ዙሪያ የመጡ አንድ አርሶ አደር ዓይናቸው ቢጫ አልሆነም፣ ሆዳቸው ውኃ አልቋጠረም፣ አልቡሚናቸውም ደኅና ነበር፤ በነጥብ ሲቆጠሩ ኤ፣ ማለትም ከሁሉ የቀለለው ክፍል፣ ሆኑ። ሆኖም ሲደሙ ይህ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። የትሉ እንቁላሎች ጠባሳ የሚፈጥሩት ደም ወደ ጉበት በሚገባባቸው ቅርንጫፎች ዙሪያ ስለሆነ፣ የጉበቱ ሕዋሳት ሥራቸውን እየሠሩ ግፊቱ ከበር ላይ ይከማቻል። ይባስ ብሎ በአንገት በኩል የሚገባው ቱቦ ከመዘጊያው ወዲያ ማዶ ስለሚለካ፣ ቢኖረንም እንኳ ያልተጋነነ ወይም ጤናማ የሚመስል ቁጥር ሊሰጠን ይችል ነበር።

እኚህን ሰው በተመለከተ ያመንሁት ኢንዶስኮፒውን፣ ማለትም በአፍ በኩል በሚገባ ካሜራ ያየሁትን፣ ነው። ደም ሥሮቹ ትልልቅ ነበሩ፤ በላያቸውም የመድማት ስጋትን የሚጠቁም ቀይ ሰንበር ይታያል፤ ጣፊያቸው እስከ እምብርት ወርዷል፤ ደም እንዲረጋ የሚያግዙት ፕሌትሌቶቻቸውም አነስተኛ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ታሪካቸው ነበር። ደም ሥሮቹን በላስቲክ ቀለበት ማሰር እስኪጠፉ ድረስ በየ1 እስከ 4 ሳምንቱ መደገም ሲገባው፣ እርሳቸው የታሰረላቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ግፊቱን የሚቀንሰውን ክኒን፣ ፕሮፕራኖሎልን፣ ደግሞ «ደሙ ከቆመ ምን ያደርግልኛል» ብለው ትተውታል። የትኛውም ነጥብ ቆጠራ የመንገዱን ርቀትና የትራንስፖርቱን ዋጋ አይደምርም፤ እኔ ግን ትንበያዬ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ባለቤታቸው ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁኝ፣ ቀለበቱ ሳይደገም ከቀረ ሊመለስባቸው እንደሚችል ነገርኋቸውና፣ ክኒኑ የልብ ምትን ስለሚያዘገይ፣ የባላቸውን የልብ ምት በእጅ አንጓ ላይ እንዴት እንደሚቆጥሩ አሳየኋቸው። «ከ55 በታች ከወረደ ክኒኑን ሳይሰጧቸው ይደውሉልን፤ ቀጠሮው ግን አይለፋችሁ» አልሁ። ቀጠሮው ከ2 ሳምንት በኋላ ነው።