መሬቱን ላኩልኝ

የደሴ ልጅ ነኝ። ሞተሬ 150 ሲሲ ናት፤ ቀይ፣ ሁለተኛ እጅ። የግራ መስታወቷ በገዛኋት ሳምንት ተሰብሮ እስካሁን አልተተካም። በሳምንት አምስት ቀን ሥራ ታመላልሰኛለች። እሁድ ሲሆን ግን ሁለታችንም መንገድ እንፈልጋለን። የምንደርስበት ቦታ አይደለም የምንፈልገው፤ መንገዱን ነው። ይሄን ለእናቴ ማስረዳት አቅቶኝ ትቼዋለሁ። «ማን ሞቶ ነው የምትሄደው?» ትላለች።

ሞተር የሚነዱ ሰዎች የተሰበሰቡበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አለሁ። ግማሹ ወሬ ካንዴላና ካቴና ነው። ሌላው ግማሽ ፎቶ ነው። ባለፈው መስከረም አንዱ የአርዲቦን ሐይቅ ፎቶ ለጠፈ። ውሃው ሰማያዊ፣ ዙሪያው ተራራ። ከሥሩ «መንገዱ ምርጥ ነው፣ እንዳያመልጣችሁ» ይላል። እኔ ደግሞ እንዲህ ከተባልኩ አላድርም።

እሁድ ጠዋት ተነሳሁ። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልት ነው፣ ስለሱ የማወራው የለኝም። አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ተራሮቹ መሃል ነው ያለው። ከሱ የሚወጣው ውሃ ከተማዋ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ ይወርዳል። እንግዲህ መውጣት አለብኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር።

አስፋልቱን ለቅቄ ብዙም ሳልሄድ ዋልካው ያዘኝ። ዋልካ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማንሸራተት ብቻ አይደለም፤ ይጣበቃል። የሞተሬ የፊት ፓራፋንጎ፣ የጭቃ መከላከያዋ፣ ጎማው ላይ የተኛ ነው፤ ለከተማ የተሠራ። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ገባ፣ ተጠቀጠቀ፣ ከዚያ ጎማው መዞር አቆመ። ሞተሩ ይጮኻል፣ የኋላው ጎማ ባዶውን ይዞራል፣ የፊቱ እንደ በረዶ መንሸራተቻ ይጎተታል። ወረድኩ። ጫማዬ አንድ አንድ ኪሎ ሆነ።

አንድ አባት ከብት እየነዱ መጡ።

«ምን አገኘህ ልጄ?»

«ጭቃ ያዘኝ አባቴ።»

ጎንበስ ብለው አዩት። «አብሽር» አሉና ከአጥር እንጨት ሰበሩ። እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ቆፍረን አወጣነው። እጃችን እስከ ክንዳችን ጥቁር ሆነ። ሲጨርሱ መንገዱን ወደ ላይ አዩና «በዚህ የሚመጣ መኪና ነው። እሱም በጥር ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም። ወደ ሐይቅ ከተማ ተመልሼ የተጠበሰ ዓሣ በላሁ። ማታ ለጣፊውን ጠየቅኩት። ፎቶውን ያነሳው ወንድሙ ነው። በጥር። ከመኪና መስኮት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም የመንገድ ፎቶ ሲለጥፍ አንድ ነገር እጽፋለሁ፦ «መሬቱን ላኩልኝ።» ሰማዩን አይቻለሁ፣ ተራራውን አይቻለሁ፤ ጎማዬ የሚረግጠውን አሳዩኝ። አስፋልት ነው? ኮረኮንች? ዋልካ? መቼ ነው የተነሳው? መጀመሪያ ሳቁብኝ። ስሜም «መሬቱ» ሆነ። አሁን ግን ሁለት ሦስት ሰዎች ሳይጠየቁ ይልካሉ። (ከመሬቱም በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ፤ «መንገዱ ሰላም ነው?» የሚለው። እሱ በፎቶ አይታይም፣ ለዘመድ ይደወላል።)

ሌላው ችግር «ጥሩ መንገድ» የሚለው ቃል ነው። ሹፌር ጥሩ ሲል ቀጥ ያለ ማለቱ ነው። ስለ ሐረጎ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ስለሚያወርደው ጠመዝማዛ፣ ጠይቁት፤ ያማርራል። ለእኔ ግን ወሎ ውስጥ ከሐረጎ የሚበልጥ የለም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ በዚያች ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ማለዳ ደሴን ጉም ውጧት ጃኬት እስከ አንገቴ ዘግቼ እወጣለሁ። አንዱን ኩርባ ስጨርስ ሌላው ይጀምራል። ጉሙ ድንገት ያልቅና ኮምቦልቻ ከታች ሜዳው ላይ ተዘርግታ ትታያለች። ስደርስ ጃኬቱ ወገቤ ላይ ታስሯል።

ፍሬን ላይ ተኝታችሁ እንዳትወርዱት። በሁለተኛ ወይ በሦስተኛ ማርሽ ይያዛል፤ ፍሬን የሚነካው ኩርባው ከመድረሱ በፊት ነው፣ ውስጡ ከተገባ በኋላ አይደለም። ከፊታችሁ ያለው ከባድ መኪና የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ከሸተታችሁ ራቁለት። ኩርባ ላይ መሬቱ ከጠቆረና ካብለጨለጨ ደግሞ ናፍታ ፈሶበታል። አንዴ የኋላ ጎማዬ እዚያ ላይ ሄዶ ተመለሰ። ልቤ ኮምቦልቻ ስደርስ ነው የተመለሰው።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ያለውም ደስ ይላል፣ ሙቀቱ ግን አይጣል። ሰኞ አትሂዱ። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ግመል ደግሞ ለጥሩምባ መንገድ አይለቅም። አንድ እሁድ ጠዋት ባቲ፣ ከሰዓት አምባሰል ደርሼ ተመልሻለሁ። በአንድ ቀን ሁለት ቅኝት ነዳሁ ብዬ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። አንድ ሰው ብቻ ሳቀልኝ።

ባለፈው ወር ጉጉፍቱ ወጣሁ፣ በወረኢሉ መስመር። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተሩ ቤንዚን ያበዛባታል፤ ሞተሬ እንደ አስም በሽተኛ ታፈነች። በአራተኛ ማርሽ የምትወጣውን በሁለተኛ ወጣች። ጓንት አድርጌም ጣቶቼ የፍሪሲዮኑን እጀታ አላውቅ አሉ። ቆሜ እጄን ሞተሩ አጠገብ አሞቅኩ።

ገብሱ፣ በጎቹ፣ ከዚያ ወዲያ ገደል። ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ቃሌ ነውና ጎንበስ ብዬ ስልኬን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ባና የለበሰ እረኛ ልጅ ከጎኔ መጥቶ ቆመ። እኔን አየ፣ መሬቱን አየ።

«ምን ጠፋብህ?» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው እሱም ጎንበስ ብሎ አብሮኝ መፈለግ ጀመረ።