አርባ ዓሦችን ይዘን በሐሩር መንገድ

ባለፈው ዓመት በዚሁ መንገድ ስጓዝ፣ ለመንጠቆ ማባበያ ይሆኑኛል ብዬ በባልዲ የያዝኳቸው ትናንሽ ዓሦች ገና ሐይቁ ሳይታየኝ ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው አልቀውብኝ ነበር። ያን ዕለት ያዘንኩት ዓሣ ማጥመዴ ስለ ተበላሸ ብቻ አይደለም፤ ሕይወት ያለውን ነገር ይዤ ስወጣ የሚያስፈልገውን ሳላውቅ መውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ስለዚህ ዘንድሮ ከወዳጄ ጋር የ7 ሰዓቱን መንገድ ስንነሣ፣ ከዘንጉና ከመንጠቆው ይልቅ ያሰብኩበትና የደከምኩበት 30 ሊትር ውኃ ለያዘው ሳጥን ነበር።

ዝግጅቱን የጀመርኩት ከዋዜማው ነው። ዓሦቹ አንድ ሙሉ ቀን ምግብ እንዳይቀምሱ አደረግሁ፤ የበላ ዓሣ ምግቡን ለመፍጨት ተጨማሪ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ በመንገድ ላይም ውኃውን በኩሱ ያበላሸዋል። የቧንቧውን ውኃ አፉ በተከፈተ ዕቃ ቀድቼ፣ የአየር ፓምፕ ከትቼበት 24 ሰዓት አቆየሁት፤ ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ የሚያቃጥል ነገር ስለሆነ ሳይወጣለት ዓሣ አይገባበትም። (በክሎራሚን፣ ማለትም ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው በሚሆኑት ማጽጃ፣ የታከመ ውኃ ግን በማሳደር ብቻ አይጠራም፤ ማርከሻ ይፈልጋል።) በዚህ ላይ አዮዲን የሌለው ጨው በሊትር 3 ግራም ሒሳብ፣ በድምሩ 90 ግራም አሟሟሁበት። የጨው አልባ ውኃ ዓሣ ደሙ ከሚኖርበት ውኃ ይልቅ ጨዋማ በመሆኑ፣ ውኃ ያለማቋረጥ ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ እርሱም ይህን ለማስወጣትና ጨውን ለማስቀረት ይደክማል። በጉዞ ለተንገላታ ዓሣ ይህ ትንሽ ጨው ሸክሙን ያቀልለታል። ሳጥኑ ነጭ፣ በግድግዳው መካከልም ፎም ያለው ነው፤ ባለፈው ዓመት ያ ጥቁር ባልዲ ፀሐዩን እንዴት ይጠጣ እንደ ነበር አሁን ሳስበው ይታወቀኛል።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስንነሣ የውኃው ሙቀት 19 ዲግሪ ነበር። ወዳጄ ይነዳል፤ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ቴርሞሜትሩን ይዤ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀምጫለሁ። እስኪነጋ ድረስ የሚነገር ነገር አልነበረም፤ ዓሦቹ ከሥር ተሰብስበው፣ ክንፋቸውን በዝግታ እያንቀሳቀሱ ዐርፈው ነበር።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ረፋዱ 3 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ 26 ሲያሳይ፣ ከሥር የነበሩት አንድ በአንድ እየወጡ አፋቸውን ከውኃው ገጽ ጋር አስተካክለው ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር፤ የስንጥባቸው ክዳንም ዓይን እስኪደክመው ድረስ በፍጥነት ይርገበገባል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ዓሦቹ የተራቡ ይመስለዋል። እውነቱ ግን አየር አጥሯቸዋል ማለት ነው። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በሊትር ቢበዛ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ ውኃው 30 ዲግሪ ሲደርስ ይህ ወደ 7.5 ይወርዳል፤ የዓሣው ፍላጎት በአንጻሩ ለ10 ዲግሪ ጭማሪ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ገቢው ሲቀንስ ወጪው ያድጋል ማለት ነው፤ እኔም ዓሣ በሐሩር የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በሙቀቱ በራሱ ሳይሆን በዚህ ጉድለት እንደሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ወዳጄ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ «በረዶውን አንዴ ገልብጥበትና ይረፉ እንጂ!» አለኝ። ለእነርሱ አዝኖ ነው፤ ነገር ግን ያለፈው ዓመት ጥፋቴም ይኸው ነበር። በረዶ በባልዲው ላይ ስገለብጥ ዓሦቹ ለጥቂት ጊዜ ተወራጭተው፣ ከዚያ ደርቀው በጎናቸው ተንጋልለው ቀሩ። ድንገተኛ ቅዝቃዜ ከሙቀቱ ባልተናነሰ ይጎዳቸዋል፤ ከቧንቧ ውኃ የተሠራ በረዶ ደግሞ ሲቀልጥ ክሎሪኑን ይዞባቸው ይመጣል። አሁን ግን በረዶው በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ነበር። አንዱን በጨርቅ ጠቅልዬ ጥግ ላይ አስገባሁ፣ ሙቀቱ በ20 ደቂቃ ከ1 ዲግሪ በላይ እንዳይወርድ እያየሁም አወጣው፣ መልሼም አስገባው ነበር። አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ ሲያልቅ የ30 ሊትር ውኃን ሙቀት በ3 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ 23 ላይ ለመድረስ ከአንድ ጠርሙስ ብዙም አላለፍኩም።

ጉዞ ቀጥለን ጥቂት እንደሄድን የፓምፑ ድምፅ ጠፋ። ዓሦቹ ከእኔ ቀድመው አውቀውት ነበር፤ እንደገና ወደ ላይ ወጥተዋል። ወዳጄ ወርዶ የባትሪውን ሽቦ ሲፈትሽ፣ እኔ በኩባያ ከሳጥኑ ውኃ እየቀዳሁ ከክንድ ከፍታ መልሼ አፈስሰው ጀመር። ውኃው በአየር ውስጥ ሲበታተንና ገጹን ሲሰብር ኦክስጅን ይዞ ይገባል። ሩብ ሰዓት ያህል ሳላቋርጥ አፈሰስኩ። ሽቦው ከባትሪው ጫፍ ላልቶ ኖሮ፣ ሲጠብቅ ፓምፑ ተነሣ፤ ከሁሉ ፊት አንዲት ጭራዋ የተሸራረፈ ዓሣ ወደ ታች ስትወርድ አየኋት፣ ሌሎቹም ተከተሏት።

ከዚያ በኋላ በውኃው ገጽ ላይ የማይፈርስ ነጭ አረፋ ስለታየኝ፣ ከስንጥባቸው የሚወጣው አሞኒያ የተባለ መርዛማ ቆሻሻም መጠራቀሙ አይቀርምና፣ ሲሶውን ቀድቼ ከያዝነው መጠባበቂያ ውኃ፣ ሙቀቱን አመሳስዬ፣ ተካሁለት። አንድ የሞተ ዓሣ አግኝቼ ወዲያው አወጣሁ። እጄንም ሳላረጥብ አልነካኋቸውም፤ የሚያሙለጨልጨው ልባሳቸው ከበሽታ የሚጠብቃቸው ጋሻቸው ነው።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ የዳሩ ውኃ 27 ዲግሪ ነበር። ዓሦቹን ከ23ቱ በአንድ ጊዜ ማሸጋገር የባልዲውን ስሕተት መድገም ስለሚሆን፣ የሐይቁን ውኃ በኩባያ እየጨመርኩ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰድኩ። ከሳጥኑ የቀዳሁትን ግን ወደ ሐይቁ አልመለስኩትም፤ በዓይን የማይታይ በሽታና እንግዳ ፍጡር ከውኃ ወደ ውኃ የሚሻገረው እንዲህ ነውና፣ ከዳሩ ርቄ ደረቅ መሬት ላይ ደፋሁት። ስቆጥራቸው 39 ናቸው። ሲመሽ፣ መንጠቆ ላይ ያልዋሉት 31 ዓሦች ሁሉም ፊታቸውን ወደ ፓምፑ አረፋ አዙረው፣ ከሥር ተደርድረው ይተነፍሱ ነበር።