«ዞል» የምትል ቁራጭ

ዛሬ የእማዬን የመድኃኒት ፌስታል አራገፍኩት። ግማሽ ሽሮፕ፣ ቀኑ ያለፈ ጠብታ፣ ከማን እንደተረፈ የማይታወቅ አሞክሳሲሊን። ከሥር ያቺ ቁራጭ ወጣች። በመቀስ የተቆረጠች፣ የሁለት ኪኒን ባዶ እሽግ። ከስሙ የተረፈው «ዞል» የሚለው ብቻ ነው።

አምና እማዬን ሽንቷን ሲያቃጥላት ጎረቤታችን ናት የሰጠቻት። ክፋት የለባትም፣ እሷን አሽሏታል። እኛ ሰፈር ኪኒን እንደ እርሾ ነው፣ ቤት ለቤት ይዞራል። እማዬ ሳምንት ዋጠችና «ተሻለኝ» ብላ ሁለት ፍሬ አስቀረች። ከሦስት ቀን በኋላ ትኩሳት መጣ። ጉሮሮዋን አመማት፣ ዓይኗን ቆጠቆጣት። «ተመልሶብኝ ነው» ብላ የቀሩትን ሁለቱን ዋጠቻቸው።

ከንፈሯ ውሃ ሲቋጥር ምች ነው አልን። ዳማከሴ ጨመቅንላት። ደረቷ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ሲወጣም ያው ምች ነው አልን። በማግስቱ ጠዋት ፊቷን በእርጥብ ፎጣ ስጠርግላት ቆዳዋ ተከትሎ መጣ። የተቀቀለ ቲማቲም ልጣጭ አይታችኋል? እንደዚያ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው «ምን መድኃኒት ወስደዋል?» ብሎ ነው። «ነጭ ኪኒን» አልኩ። ቁራጯን ሰጠሁት። አገላበጣት። «ኦሜፕራዞልም ዞል ነው፣ ሜትሮኒዳዞልም ዞል ነው፣ አልቤንዳዞልም…» አለ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሱ። ጎረቤታችን ጋ ደወልኩ። እሷም የምታውቀው «ትልቁን ነጭ» ብቻ ነው። በኋላ ልጇ ካርቶኑን አገኘው፦ ኮትሪሞክሳዞል። ብዙው ሰው ባክትሪም የሚለው።

«ሰልፋ ነው» አለ ሐኪሙ፣ ሰልፋ የሚባለው የመድኃኒት ዘር ነው ገላዋን እንዲህ ያስቆጣው ማለቱ ነው። ሕመሙ ስቲቨንስ ጆንሰን ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ሁለት ሕፃናት ላይ አይተው በጻፉት አሜሪካውያን ሐኪሞች ስም። የተላጠውን በእማዬ መዳፍ ልክ ቆጠረ። የሰው መዳፍ ከነጣቶቹ የገላው አንድ መቶኛ ገደማ ነው አሉ። ሰባት መዳፍ ሆነ። ከሠላሳ ቢያልፍ ስሙም አደጋውም ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው የቃጠሎ ሕመምተኛ አያያዝ ነው፦ ፈሳሽ፣ ቅባት፣ የዓይን ሐኪም። ስለዚያ ሳምንት ብዙ መጻፍ አልፈልግም።

«ከዚህ በፊት አለርጂ ነበራቸው?» ሲለኝ «የለም» ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ አፏ ቆስሎ መናገር አትችልም ነበር። አፏ ሲሽር ነገረችኝ። በ1990ዎቹ መተሃራ ሳለች ወባ ይዟት ፋንሲዳር ሰጧት፣ ሦስት ፍሬ በአንዴ። ያን ጊዜ፣ ኮአርተም ሳይመጣ፣ ለወባ የሚሰጠው እሱ ነበር። ገላዋ ተቆጥቶ ሳምንት አሳከካት። ፋንሲዳርም ሰልፋ አለው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እውነቷን ነው። ፋርማሲ ሁሉ «አለርጂ አለብዎት?» ይላል። ለእማዬ አለርጂ ማለት አቧራና ማስነጠስ ነው። «መድኃኒት ገላዎን አስቆጥቶት ያውቃል?» ያላት የለም። እኔም ብሆን ኖሮኝ አላውቅም፣ ግን ሳላስብ «የለብኝም» ነው የምለው።

አሁን ደህና ናት። ዓይኗ ግን ስለሚደርቅባት ጠብታ አይለያትም። «ሰልፋ» ብዬ በትልቁ የጻፍኩላትን ወረቀት ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ትዞራለች። ቃሉንም አጥንቻለሁ ትላለች።

ባለፈው ሳምንት ጠብታ ልንገዛ ወጣን። ፋርማሲው ሞልቷል። ገና ከበሩ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ልጄ፣ እኔ ሰልፍ አይስማማኝም!» አለችው።

«ግድ የለም ማዘር፣ ይለፉ» አለና ከሁሉ አስቀደማት።

ወረቀቱን ልታሳየው ቋጠሮዋን መፍታት ጀመረች።