ትዊስት በሦስተኛው ቀን ለምን ይንጨባረራል?

ትዊስት፣ ማለትም ሁለት ዘለላ ፀጉር እርስ በርስ ተጠቅልሎ የሚሠራው ስታይል፣ በተሠራ በሦስተኛው ቀን ሥሩ አካባቢ ከተነሣ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራበት ቀን ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጄል መደራረብ ነጭ ቅርፊት ያተርፋል እንጂ ፀጉሩን አያስተኛም።

ፀጉር ሲርስ በውስጡ ያሉት የሃይድሮጅን ትስስሮች ይላቀቃሉ፤ ሲደርቅ ደግሞ ባለበት ቅርጽ ተመልሰው ይያያዛሉ። በጄል የሚሠራ ትዊስት ቅርጹን የሚይዘው እየደረቀ ሳለ ነው ማለት ነው። ከርዳዳ ፀጉር አንዱ ወገን እስኪሠራ ሌላው ይደርቅና የራሱን ጥቅልል ይይዛል። በዚያው ከተጠቀለለ ዘለላዎቹ አንድ ላይ አይተኙም፣ በየቦታው ያፈነግጣሉ። ውሃ መርጫ ከአጠገባችሁ አይራቅ፤ ተራው የደረሰውን ክፍል እንደገና አርጥቡት። እስኪንጠባጠብ ግን አይሁን፤ በጣም የራሰ ትዊስት ሲደርቅ ይሳሳና ይላላል።

ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ክፍል የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ሳይታጠብ ፀጉሩ ላይ የሚቀር ኮንዲሽነር፣ በላዩም ያንኑ ያህል ጄል ይበቃል። ቀድማችሁ ሁለቱን መዳፋችሁ ላይ ቀላቅሉ። ነጭ ነጭ እየሆነ ከቋጠረ አይስማሙም፣ ፀጉር ላይም ያንኑ ያደርጋሉ። ከዚያ ክፍሉን ከጫፍ ጀምሮ እስከ ሥር አበጥሩት፤ ያልተፈታ ቋጠሮ ትዊስቱ ውስጥ ገብቶ ጉብ ይላል።

አጠቃለሉ ላይ የገመድ ሥራ ሕግ ይሠራል፦ ሁለቱን ዘለላ እያንዳንዳቸውን ወደ ቀኝ እያከረራችሁ፣ እርስ በርስ ግን ወደ ግራ አዙሯቸው። ማክረሪያውና ማዞሪያው አንድ አቅጣጫ ከሆነ እጅ ሲለቀው ይተረተራል። አብዛኛው መንጨባረር የሚጀምረው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ነውና እነሱን ወደ ራስ ቆዳው አስጠግታችሁ ጀምሩ። ማስጠጋት ማጥበቅ አይደለም። ቆዳው ካመመ ወይም በሥሩ ዙሪያ ሽፍታ ከወጣ ጠብቋልና ይፈታ፤ በየጊዜው የሚጎተት የግንባር ፀጉር ይሳሳል፣ ሳይመለስ የሚቀርበትም ጊዜ አለ።

ሲደርቅ አትንኩት። ይህን የሚያህል ምክር የለንም። ካስክ (ጭንቅላት ላይ የሚደፋ ፀጉር ማድረቂያ) ውስጥ 1 ሰዓት የቆየ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ከላይ ደርቆ መሐሉ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ወፍራሙን ትዊስት ጨበጥ አድርጋችሁ ከቀዘቀዛችሁ አልደረቀም። ትዊስቱን ፈትታችሁ ፀጉሩን ለመልቀቅ ከሆነ ደግሞ ጣታችሁን ዘይት ቀብታችሁ፣ ከጫፍ ጀምራችሁ በተጠቀለለበት ተቃራኒ አዙሩት።

ማታ የሳቲን ሻሽ ይታሰር፤ ጥጥ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ይፈትገዋልም። አየሩ እርጥበት የበዛበት ሲሆን ግሊሰሪን ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የተጻፈበት ምርት ይቅር፤ ከአየሩ ውሃ እየሳበ ፀጉሩን ያሳብጠዋል።

በሳምንቱ ሥሩ ብቻ ከተነሣ ሙሉውን አትድገሙት። ሙስ (የፀጉር አረፋ) በመዳፍ እየዳበሳችሁ አስተኙትና ሻሽ ለ20 ደቂቃ እሰሩበት። የግንባሩን መስመር ብቻ ፈትቶ መሥራትም ብዙ ጊዜ ይበቃል። መታጠብ ካስፈለገ ትዊስቶቹን በ6 ወይም በ8 ጉንጉን ሰብስባችሁ፣ በውሃ የቀጠነ ሻምፖ የራስ ቆዳ ላይ ብቻ አድርጉ፤ በጣት ጫፍ ጫን ጫን እያላችሁ እንጂ እያሻችሁ አይደለም። ጉንጉኑ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይፈታ።