«ዳያቤቲስ» ያስቆመኝ ሦስት ሳምንት

የሕክምና ቃላትን ከግሪክ ሥርወ ቃላቸው ማጥናት ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ። ስለ መጀመሪያው ብዙ የሚወራ የለም። ካርድ ቆራርጬ በፊቱ «ሄማ»፣ በጀርባው «ደም» እየጻፍኩ መቶ ሃምሳ ያህል ሸመደድኩ። «ዳያቤቲስ» ላይ ስደርስ ግን ቀጥ አልኩ።

ጥፋቱ የአማርኛዬ ነው። «የስኳር በሽታ» ስንል ስለኖርን፣ ቃሉ ውስጥ የሆነ ቦታ ስኳር መኖር አለበት ብዬ ድርቅ አልኩ። «ዲያ» ማለት አልፎ፣ አቋርጦ ነው። «ባይኔይን» ደግሞ መሄድ። ስኳሩስ? የለም!

የገባኝ ቃሉ የዕቃ ስምም እንደነበረ ሳነብ ነው። ቤንዚን ከበርሜል በጎማ ስበው ሲያወርዱ አይታችኋል? እሱ ነው። የጥንቱ የቀጰዶቅያ ሐኪም አሬቴዎስ በሽታውን ሲገልጽ ሥጋ ቀልጦ በሽንት የሚወርድበት ነው ብሏል። የጠጡት ሁሉ ሳይቆይ ያልፋል፤ ስሙም ይህንኑ ነው የሚለው። ጣፋጩ ነገር በአውሮፓ ብዙ ዘግይቶ መጣ። በ1670ዎቹ እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ ሽንቱ ማር ማር እንደሚል ጻፈ። (የዚያ ዘመን ሐኪም ይቀምስ ነበር፤ እኛ በካርድ እናማርራለን።) በ1776 ማቲው ዶብሰን ሽንቱን አትንኖ ስኳሩን አሳየ። የስኳር በሽታ ሙሉ ስሙ «ዳያቤቲስ ሜሊተስ» ነው፤ «ሜሊተስ» የሚለው የላቲን ቃል «ማር ያለበት» ማለት ነው። «ሜል» እና «ማር» ብዬ ያዝኩት፤ ዝምድና አላቸው ማለቴ ግን አይደለም።

ከዚያ «ዳያቤቲስ ኢንሲፒደስ» መጣ፤ ጣዕም የለሹ። ኩላሊት ውሃ እንዲያስቀር የሚያዘው ቫዞፕረሲን የሚባለው ሆርሞን ሲያንስ ወይም ኩላሊት አልታዘዝ ሲለው ሽንት እንደ ውሃ ይወርዳል። ስኳር የለበትም። በአማርኛ ልጽፈው ሞክሬ «ስኳር የሌለበት የስኳር በሽታ» ብዬ ራሴው ሳቅኩ። ለካ ግራ የተጋባሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። በ2022 ባለሙያዎች በስሙ መመሳሰል የተነሳ ታካሚዎች ስለተጎዱ ይቀየር ብለው «የቫዞፕረሲን እጥረት» እና «ቫዞፕረሲንን አለመታዘዝ» የሚሉ ስሞችን አቀረቡ።

ስለዚህ የቅጥያ ዝርዝር መሸምደድ ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነኝ። አንድ ቃል ይዛችሁ ጎልጉሉት። «ፖሊዩሪያ» (ሽንት መብዛት) እና «ፖሊዲፕሲያ» (ጥም መብዛት) በዚህ ቃል ሰበብ ሳልለፋ ገቡልኝ።

ግን ልናዘዝ፦ «ሃይፖ» እና «ሃይፐር» ዛሬም ይምታቱብኛል። ባለፈው ሳምንት የስኳር ማነስን መብዛት ብዬ አነበብኩ። ታሪካቸውን ብጎለጉልም አልረዳኝም። አሁን «ሃይፖ፦ ታች» የሚል ካርድ ከቅርጫት አውጥቼ መስታወቴ ላይ ለጥፌዋለሁ።